ስቴት ቀይሮ ዳላስ መግባት፦ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል?

«ዳላስ ልገባ ነው፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣብኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ነው። ኪራዩ አልቀመስ ብሎታል፤ ወንድሙ ወይም ጓደኛው ቴክሳስ ገብቶ ቤት ገዝቷል፤ ልጆቹም ቤቱ ጠቧቸዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ሰው የሚጉላላው ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። ተራው ስለሚዘበራረቅበት ነው። ቴክሳስ ውስጥ አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠራል። መንጃ ፈቃድ ስትጠይቁ የመኪናውን ምዝገባ አምጡ ትባላላችሁ። ለምዝገባው ኢንሹራንስ፣ ለኢንሹራንሱ ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራው ሂዱበት። መነሻችሁ ሚኒሶታ ወይም ሲያትል ከሆነም የቴክሳሱ ክፍል ያው ነው። የምትለቁትን ስቴት ሕግ ብቻ ለብቻው አጣሩ።

አስቀድማችሁ የምትይዙት

- ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ሰርተፍኬት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ። ሁሉም ኦሪጅናል።
- የጋብቻና የልጆች የልደት ሰርተፍኬት። ከአገር ቤት የመጣው በአማርኛ ብቻ ከሆነ ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር።
- የቅርብ ጊዜ ፔይ ስተብ እና የሁለት ዓመት ታክስ ሪተርን። ኡበር ወይም ትራክ የምትሠሩ ደግሞ 1099 እና የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት።
- የመኪናው ታይትል (የባለቤትነት ወረቀቱ)። መኪናው ብድር ካለበት የአሁኑ ሬጅስትሬሽን።
- የልጆች የክትባት ካርድና ሪፖርት ካርድ።
- ኪራይ በወቅቱ እንደምትከፍሉ የሚገልጽ የአሁኑ አከራያችሁ ደብዳቤ።
- የመብራት ሒሳባችሁን ለ12 ወር በወቅቱ እንደከፈላችሁ የሚገልጽ የመብራት ድርጅታችሁ ደብዳቤ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።
- ገንዘብ፦ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ ዲፖዚት፣ የጭነት ወጪ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሥራ ቢዘገይ ሦስት ወር የሚያኖር።

ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ቦርሳ አድርጉ። ቦርሳው ከእናንተ ጋር መኪና ውስጥ ይሄዳል እንጂ ጭነት ላይ አይወጣም። ጭነት ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ ያለ ወረቀት ደግሞ ቁልፍ የሚሰጣችሁ የለም።

ደረጃ 1፦ ሥራውንና የሙያ ፈቃዱን አስተካክሉ

አከራዮች በአብዛኛው የኪራዩን ሦስት እጥፍ የወር ገቢ ይጠይቃሉ። የድሮ ሥራችሁ ፔይ ስተብ ሥራውን ለቅቃችሁ ከሆነ ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚፈለገው ከአዲሱ ቀጣሪ የተጻፈ ደመወዝ ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ነው። ኩባንያችሁ ዳላስ ቅርንጫፍ ካለው ዝውውር ጠይቁ። ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

ነርስ ከሆናችሁ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ የነርሶች ስምምነት አባል ናቸው። መልቲስቴት ፈቃድ ይዛችሁ መጥታችሁ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ነዋሪነታችሁን ከቀየራችሁ በ60 ቀን ውስጥ ግን ለቴክሳስ ማመልከት አለባችሁ። ፈቃዳችሁ ለአንድ ስቴት ብቻ ከሆነ ከመነሳታችሁ ብዙ ቀደም ብላችሁ አመልክቱ። ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) የሆናችሁም ስማችሁ ወደ ቴክሳስ መዝገብ እንዲዛወር መጠየቅ አለባችሁ። የትራክ ሾፌር ሲዲኤሉን (የትራክ መንጃ ፈቃዱን) በ30 ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ ስቴት ያዛውራል። ሃዝማት (አደገኛ ዕቃ የመጫን ፈቃድ) ያለው ሰው ፈተናውን እንደገና ሊጠየቅ ስለሚችል ከጭነት ፕሮግራሙ ጋር ያስማማው።

ደረጃ 2፦ የጤና ሽፋንና የኢሚግሬሽን ጉዳይ ካላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አጣሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ቆም ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ሐሳቡን መቀየር አለበት።

ሜዲኬይድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ ከስቴት ስቴት አይዛወርም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሜዲኬይድን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች አስፍተዋል። ቴክሳስ አላሰፋም። ሜሪላንድ በሜዲኬይድ ስትታከሙ የነበራችሁ፣ ልጅ የሌላችሁ ጤነኛ አዋቂዎች፣ ቴክሳስ ላይ በአብዛኛው አታገኙም። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች የሚገቡበት መንገድ አለ፤ ግን እንደ አዲስ ማመልከት አለባቸው። የአዋቂው ገቢ ከድህነት መስመሩ በታች ከሆነ ደግሞ በመንግሥቱ የኢንሹራንስ መግዣ፣ በማርኬትፕሌስ፣ የሚሰጠውን ድጎማም ላያገኝ ይችላል። እናት ወይም አባት በየወሩ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህ ጥያቄ ከኪራዩ ይቀድማል።

ማርኬትፕሌስ ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ከተዛወራችሁ በኋላ አዲስ ለመምረጥ 60 ቀን አላችሁ። ይህን ዕድል ለማግኘት ግን ከመዛወራችሁ በፊት በነበሩት 60 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ሽፋን ሊኖራችሁ ይገባል። ስለዚህ የድሮውን ቀድማችሁ አትሰርዙ። ሜዲኬር ራሱ አብሮ ይሄዳል፤ አድቫንቴጅ የሚባለው ዓይነት ግን ለአካባቢው የተሠራ ስለሆነ መቀየር አለበት። መድኃኒት ከመነሳታችሁ በፊት የ90 ቀን አስሞሉ።

የዜግነት ማመልከቻ፣ ኤን-400፣ ልታስገቡ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ከማመልከታችሁ በፊት በምትኖሩበት ስቴት ወይም የዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) ዲስትሪክት ሦስት ወር መኖር አለባችሁ። ዛሬ ሜሪላንድ ሆናችሁ የምትችሉትን፣ ነገ ዳላስ ገብታችሁ ሦስት ወር ትጠብቁበታላችሁ። አስገብታችሁ ከሆነ ጉዳዩ ወደ አዲሱ ቢሮ ይዛወራል። የዳላሱ ቢሮ ኧርቪንግ ነው። ቀጠሮ የደረሰላችሁ ካላችሁ ግን ጨርሳችሁ ብትነሱ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ሄዳችሁ እዩ

የሐበሻው መናኸሪያ ጋርላንድ ነው። እዚያ አካባቢ እንጀራ፣ ሥጋ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ኮሚኒቲ ማኅበሩም አለ። ቤተሰብ ሲሰፋ ሰው ወደ ሳክሲ፣ ዋይሊ፣ ራውሌት፣ ሪቻርድሰንና ፕላኖ ይገባል። አዲስ የመጣና ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ደግሞ ዳላስ ውስጥ ግሪንቪል አቬኑ አጠገብ ያለው ቪከሪ ሜዶ ይጀምራል።

«ሐበሻ ያለበት» ብቻ ብላችሁ ግን አትምረጡ። ዳላስ ሰፊ ነው። ኤርፖርት ሥራ ይዞ ጋርላንድ የተከራየ ሰው በቀን ሁለቴ 635 አውራ ጎዳናን ያቋርጣል። ዲኤፍደብሊው ለሚሠራ ኧርቪንግ፣ ዩለስ ወይም ሉዊስቪል ይቀርበዋል። ለእንጀራው ቅዳሜ መንዳት ይቻላል፤ ለሥራው ግን በየቀኑ ነው።

ስትሄዱ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከታሰበው ቤት ወደ ሥራው ጠዋት በሥራ ሰዓት ንዱ፣ ቶል ባለበትም ቶል በሌለበትም መንገድ። ቡሽ ተርንፓይክና ዳላስ ኖርዝ ቶልዌይ ያስከፍላሉ፤ 75 አውራ ጎዳና አያስከፍልም። ሁለተኛ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ አፓርታማው ግቢ ውስጥ ዙሩ። ፓርኪንጉ፣ መብራቱ፣ የበሩ ጌት መሥራቱ ቀን ላይ አይታይም።

ደረጃ 4፦ ተከራዩ፤ ከሩቅ አትግዙ

ቢያንስ አንድ ዓመት ተከራዩ። አካባቢውን፣ ትምህርት ቤቱንና የሥራውን መንገድ የምታውቁት ስትኖሩበት ነው። ባንኩም አዲሱ ሥራችሁ ላይ መቀመጣችሁን ማየት ይወዳል።

ቴክሳስ ውስጥ አፓርታማ ሎኬተር የሚባሉ ኤጀንቶች አሉ። ከእናንተ አያስከፍሉም፤ የሚከፍላቸው አፓርታማው ነው። ፈቃድ እንዳላቸው በቴክሳስ ሪል እስቴት ኮሚሽን ድረ ገጽ ስማቸውን ጽፋችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የሚከፍላቸው አፓርታማ ስለሆነ የማይከፍለውን ላያሳዩአችሁ እንደሚችሉ ግን አትርሱ። በራሳችሁም ፈልጉ።

አፓርታማ ስታዩ ኤሲውን አስነሱና አሥር ደቂቃ ቆዩ። ነሐሴ ላይ ኤሲ የሌለው ቤት ቴክሳስ ውስጥ ቤት አይደለም። ከሲንኩ ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፍታችሁ በስልካችሁ መብራት እዩ፤ በረሮና የውሃ ፍሳሽ የሚገኘው እዚያ ነው። የሳሎኑ ትልቅ መስኮት ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትጋግራችኋለች፤ የመብራት ሒሳቡም አብሮ ይወጣል። የሚያሳዩአችሁ ናሙና ክፍል ከሆነ የምትገቡበትን ትክክለኛ ክፍል ካላየን አንፈርምም በሉ።

ሌዙን (የኪራይ ውሉን) ስታነቡ ሦስት ቦታ ፈልጉ። የመልቀቂያ ማስታወቂያው ስንት ቀን ነው? ቴክሳስ ላይ ብዙ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ዝም ካላችሁ ውሉ ወር በወር እየተራዘመ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ሳይሞላ ብትወጡስ? ብዙ ውል ላይ የአንድ ወር ኪራይ 85 በመቶ የሚሆን ክፍያ ተጽፏል። ይህን መክፈል ግን ከቀሪው ኪራይ ነፃ እንደማያወጣችሁ ውሉ ራሱ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ከኪራዩ ውጪ በየወሩ የሚደመረው፦ ቆሻሻ፣ ውሃ፣ የተባይ መድኃኒት፣ ፓርኪንግ። በማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ እነዚህን ላያካትት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከግለሰብ ቤት ስትከራዩ፣ ሳታዩ በዜል ወይም በጊፍት ካርድ ገንዘብ አትላኩ። «ለሥራ ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክላችኋለሁ» የሚል አከራይ አከራይ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቅ ነፃ ነው። የዳላስ ወይም የኮሊን ካውንቲ አፕሬይዛል ዲስትሪክት (የቤት ዋጋ የሚተምነው ቢሮ) ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስትጽፉ የባለቤቱ ስም ይወጣል። ያ ስም ውሉ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ዘመድ ቤት ደባል ሆናችሁ የምትገቡም አላችሁ። ምንም አይደለም፣ ገንዘብ ይቆጥባል። ነገር ግን በስማችሁ ሌዝ ስለማይኖር መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የቤቱ ባለቤት የነዋሪነት ማረጋገጫ ቅጽ ላይ ይፈርምላችኋል፤ አብሮ መሄድም ሊኖርበት ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቁት። የባንክ ስቴትመንታችሁንም ወዲያው ወደዚያ አድራሻ አዙሩ።

ደረጃ 5፦ የድሮውን ቤት በወጉ ልቀቁ

አዲሱ ሌዝ ሳይፈረም የድሮውን አትልቀቁ። ማስታወቂያውን በጽሑፍ ስጡ፤ በቃል የተነገረ አልተነገረም። ቤቱን አጽድታችሁ ስትጨርሱ ከበሩ ጀምሮ በቪዲዮ ቅረጹት፤ ምድጃውን፣ ፍሪጁን ከፍታችሁ፣ ምንጣፉን። አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ለአከራዩ ስጡ፤ ዲፖዚታችሁ የሚላከው ወደዚያ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አከራዩ እንዲመልስ 45 ቀን ይሰጡታል። ቴክሳስ 30 ቀን ነው፤ የሚገደደው ግን አድራሻችሁን በጽሑፍ ስትሰጡት ነው።

ደረጃ 6፦ ጭነት

ከዲሲ ዳላስ ከ1,300 ማይል በላይ ነው። ኢንተርስቴት 81ን ይዛችሁ ቨርጂኒያን ታቋርጣላችሁ። ከዚያ በ40 ቴነሲን፣ ከሊትል ሮክ በ30 ዳላስ ትገባላችሁ። ንጹህ መንዳቱ ብቻ 20 ሰዓት ገደማ ነው። በሁለት ቀን ክፈሉት፤ ከልጆች ጋር ከሆነ በሦስት።

በመጀመሪያ የሚጫነውን ቀንሱ። አሮጌ ሶፋ ለመጫን የምትከፍሉት ዳላስ ላይ ሌላ ሶፋ ሊገዛ ይችላል።

ራሳችሁ ትራክ ተከራይታችሁ የምትነዱ ከሆነ ማታ ሆቴል ስታድሩ የጭነቱን በር ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሙ። ቁልፉ የራሳችሁ፣ ወፍራም ይሁን። ኩባንያ የምትይዙ ደግሞ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሰው የሚያለቅሰው በዚህ ነው።

- «እናንተ ራሳችሁ ትጭናላችሁ ወይስ ደላላ ናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደላላ ስልኩን ያነሳል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ በቀኑ የሚመጣው የማታውቁት ሌላ ነው።
- የዩኤስዶት ቁጥራቸውን ጠይቁና በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ፈልጉት። ከስቴት ስቴት የሚጭን ሁሉ ሊኖረው ግድ ነው። ቅሬታ ካለበትም እዚያ ይታያል።
- ዋጋው «ባይንዲንግ» (የማይቀየር) መሆኑን በጽሑፍ አስጽፉ። ባይንዲንግ ካልሆነ በማድረሻው ቀን ከግምቱ እስከ 110 በመቶ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ቀሪውም በኋላ ይመጣል።
- ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ በካሽ የሚጠይቅን ተዉት።
- ነፃው ዋስትና በፓውንድ 60 ሳንቲም ነው። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰብሩ 24 ዶላር ይሰጧችኋል። ውድ ዕቃ ካላችሁ ሙሉ ዋጋ የሚተካውን ዋስትና በተጨማሪ ግዙ።

የእኛን ቤት ዕቃ ደግሞ ሙቨሮቹ አያውቁትም። የእንጀራ ምጣዱን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ በቁሙ፣ በሁለት ፍራሽ መካከል አድርጉት። አጋድማችሁ ከተዋችሁት ላዩ ላይ ካርቶን ይደረደራል። በርበሬና ሽሮን በሁለት ድርብ ፕላስቲክ አስራችሁ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ክተቱ፤ ከልብስና ከፍራሽ ይራቅ። ሐምሌ ላይ የተዘጋ ትራክ ውስጥ ያለው ሙቀት ሽታውን ሁሉም ዕቃ ላይ ያሰርጸዋል። ንጥር ቅቤ በፍጹም ጭነት ላይ አይውጣ። ቀልጦ ከክዳኑ ይወጣል። በበረዶ ሳጥን አድርጋችሁ ከእናንተ ጋር ውሰዱት።

ደረጃ 7፦ መብራትና ውሃ ከመድረሳችሁ በፊት

ዳላስና ሪቻርድሰን ውስጥ የመብራት ኩባንያ የምትመርጡት ራሳችሁ ናችሁ። ጋርላንድ ግን አብዛኛው ቦታ የከተማው የራሱ መብራት ነው፤ ምርጫ የለም፣ ለከተማው ትደውላላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የቤቱን አድራሻ አስገብታችሁ አረጋግጡ።

የምትመርጡ ከሆነ የስቴቱን «ፓወር ቱ ቹዝ» ድረ ገጽ ተጠቀሙ። ዋጋው የሚታየው በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብዙ ርካሽ የሚመስል ውል ርካሽ የሚሆነው ልክ 1,000 ላይ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት 500፣ በሙቀቱ ወራት 2,000 ብትጠቀሙ ስንት እንደሆነ እዩ። ቋሚ ዋጋ ያለውን ውሰዱ። ቴክሳስ ላይ ክሬዲት ታሪክ ካልታየላችሁ ዲፖዚት ትጠየቃላችሁ። ያ ከድሮው መብራት ድርጅት ያመጣችሁት የ12 ወር ደብዳቤ ዲፖዚቱን ሊያስቀርላችሁ ይችላል።

ደረጃ 8፦ አድራሻ መቀየር

ዜጋ ያልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁም ጭምር፣ በተዛወራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ አለባችሁ። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፤ በኦንላይን ይሞላል፣ በነፃ ነው። የገባ ማመልከቻ ካላችሁ የዚያንም አድራሻ መቀየራችሁን አረጋግጡ። ዜጋ ብትሆኑም ባትሆኑም፣ ቤተሰብ ስፖንሰር ያደረጋችሁ ደግሞ አይ-865 የሚባል ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ ትልካላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

የፖስታ ቤቱን አድራሻ ቅየራ በፖስታ ቤቱ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ብቻ አድርጉ። ለማንነት ማረጋገጫ የሚወስደው አንድ ዶላርና ሳንቲም ነው። 40 ዶላር የጠየቃችሁ ድረ ገጽ የሌላ ሰው ነው። ፖስታ ቤት ያስተላልፍልኛል ብላችሁ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ አትጠብቁ፤ እንዲህ ያለው ፖስታ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት፤ መኪናና መንጃ ፈቃድ

ተራው ይህ ነው፤ አታዘዋውሩት።

1. የመኪና ኢንሹራንስ በቴክሳስ አድራሻ አውጡ፤ የሜሪላንዱን ግን ከታች ያለውን ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ አትሰርዙ። ኩባንያችሁ ቴክሳስ የማይሠራ ከሆነ አዲስ ግዙ።
2. የጭስ ምርመራ አስደርጉ። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ለተራ መኪና የደህንነት ምርመራው ቀርቷል። የጭሱ ግን በዳላስ፣ በኮሊን፣ በዴንተን፣ በታራንትና በአካባቢው ካውንቲዎች አለ።
3. በካውንቲው የታክስ ቢሮ መኪናውን አስመዝግባችሁ ታርጋ ውሰዱ። ጊዜው 30 ቀን ነው። ከምዝገባው ሌላ አዲስ ነዋሪ በአንድ መኪና 90 ዶላር ይከፍላል።
4. ዲፒኤስ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የቴክሳስ መሥሪያ ቤት) ሄዳችሁ መንጃ ፈቃድ አውጡ። ጊዜው 90 ቀን ነው። የድሮውን ታስረክባላችሁ፤ ጊዜው ካላለፈበት ፈተና የለም፣ ዓይን ብቻ ያዩላችኋል።

ዲፒኤስ በቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮውም ቶሎ አይገኝም። ገና ሜሪላንድ እያላችሁ በኦንላይን ያዙት። ስትሄዱ አድራሻ የሚያረጋግጡ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ያዙ፤ ሌዝና የባንክ ስቴትመንት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሜሪላንድ ታርጋ ሳይመለስ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አይሰረዝም። ስቴቱ መኪናው ያለ ኢንሹራንስ እየሄደ ነው ብሎ ይቆጥራችሁና እየጨመረ የሚሄድ ቅጣት ይጀምራል። መጀመሪያ የቴክሳስ ታርጋ፣ ከዚያ የድሮውን ታርጋ በፖስታ መመለስና ደረሰኙን መያዝ፣ ከዚያ ስረዛ።

ደረጃ 10፦ ትምህርት ቤትና እድር

ትምህርት ቤት የሚወሰነው በአድራሻ ነው። ሌዙን፣ የክትባት ካርዱንና የልደት ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ሂዱ። ኪንደርጋርተን እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት የሞላው ይገባል። አራት ዓመት የሞላውና ገና እንግሊዝኛ የማይችል ወይም የቤተሰቡ ገቢ ዝቅ ያለ ልጅ ደግሞ ነፃ ፕሪ-ኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ትምህርት) ማግኘት ይችላል። ቤታችን አማርኛ ብቻ ነው የምናወራው የምትሉ ወላጆች ይህን ጠይቁ።

የድሮውን እድር ወዲያው አትተዉት። አዲስ እድር ስትገቡ ሙሉ ጥቅም የሚጀምረው ከተወሰነ ወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። መተዳደሪያ ደንቡን ጠይቁ፤ የመጠበቂያው ጊዜ እስኪያልቅ ሁለቱንም ክፈሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- በኢዚ ፓስ፣ በድሮው ስቴት የቶል መክፈያ፣ ቶል መንገድ መንዳት። እዚህ አይሠራም። ቶልታግ የሚባለውን የዳላሱን እስክትገዙ ሒሳቡ በፖስታ፣ በውድ ዋጋ ይመጣል፤ አድራሻችሁ የድሮው ከሆነ ደግሞ ሳታዩት ቅጣት ይጨመርበታል።
- «ቴክሳስ ኢንካም ታክስ የለም» ብሎ የድሮውን ስቴት ታክስ መርሳት። እስከወጣችሁበት ቀን ለሠራችሁት ለሜሪላንድ ወይም ለቨርጂኒያ የከፊል ዓመት ነዋሪ ሆናችሁ ታስገባላችሁ። የወጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አስቀምጡ።
- በሁለት ስቴት ፉድ ስታምፕ መውሰድ። የድሮውን አዘግታችሁ የመዘጊያ ደብዳቤውን ያዙ።
- ቤት ልንገዛ ነው እያሉ አዲስ መኪና በብድር ማውጣት።

ደረጃ 11፦ ቤት መግዛት፣ ዓመቱ ሲሞላ

የወር ክፍያውን ስታሰሉ ፕሮፐርቲ ታክሱን ጨምሩ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብዙ ቦታ ወደ 1 በመቶ ነው፤ ዳላስ አካባቢ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል፣ አዲስ ሰፈር ላይ ከዚያም ያልፋል። በ400,000 ዶላር ቤት 2 በመቶ ማለት በዓመት 8,000፣ በወር 670 ገደማ ነው። ጓደኛችሁ «ክፍያዬ ይህን ያህል ነው» ሲላችሁ ታክስና ኢንሹራንሱን ጨምሮ እንደሆነ ጠይቁት።

አዲስ የተሠራ ቤት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ታክሱ የሚተመነው ጃንዋሪ 1 ላይ በነበረው ነው። ያን ቀን ባዶ መሬት ከነበረ የመጀመሪያው ዓመት ታክስ የመሬቱ ብቻ ይሆናል። ክፍያችሁ ዝቅ ብሎ ይጀምርና በዓመቱ በአንድ ጊዜ በመቶዎች ዶላር ይዘልላል፤ የጎደለውንም ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ። ሻጩ የሚነግራችሁን ሳይሆን ሙሉ ዋጋው ላይ አስልታችሁ ተዘጋጁ።

የሰሜን ቴክሳስ አፈር ሸክላማ ነው። ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ቤቱን አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ቤት ስታዩ ሁሉንም የውስጥ በር ዝጉ። የማይገጥም ወይም ራሱ የሚከፈት በር ካለ ልብ በሉ። ከመስኮትና ከበር ጥግ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ውጭ ደግሞ በጡቡ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ፈልጉ። ካያችሁ ከተራው ኢንስፔክተር ሌላ ስትራክቸራል መሐንዲስ አምጡ። የፋውንዴሽን (የቤት መሠረት) ጠጋኝ ኩባንያ «ነፃ ምርመራ» አይበቃም፤ እሱ ሊሸጥላችሁ ነው የመጣው።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሰጣችሁ ኦፕሽን ፔሪየድ ነው። በቴክሳስ ውል ትንሽ ክፍያ ከፍላችሁ ለተወሰኑ ቀናት፣ ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር፣ ያለ ምንም ምክንያት መውጣት ትችላላችሁ። የውል ማስያዣውም ይመለስላችኋል። «ተወዳዳሪ ስለበዛ ኦፕሽኑን እንተወው» የሚል ኤጀንት ከገጠማችሁ እምቢ በሉ።

ጣሪያውን ዕድሜውን ጠይቁ። በረዶ ይዘንባል፣ እንቁላል የሚያክል። በዚህ የተነሳ የቤት ኢንሹራንሱ ውድ ነው፤ የነፋስና የበረዶ ዲዳክቲብሉም (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ የምትከፍሉት) ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይቆረጣል። 400,000 ዶላር ኢንሹራንስ የተገባለት ቤት ላይ 2 በመቶ ከሆነ 8,000 ዶላሩ ከኪሳችሁ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የሦስት ኩባንያ ዋጋ አወዳድሩ።

ቁልፉን እንደተቀበላችሁና እንደገባችሁ መንጃ ፈቃዳችሁን ወደ አዲሱ ቤት አድራሻ ቀይሩ። ከዚያ በካውንቲው አፕሬይዛል ዲስትሪክት የሆምስቴድ ቅናሽ፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ፣ አመልክቱ። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ከቤቱ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው ይመለሳል፤ ተራው የሚለውን ነገር እዚህም አስቡት። ከ2025 የታክስ ዓመት ጀምሮ ለትምህርት ቤት ታክስ ከቤቱ ዋጋ ላይ 140,000 ዶላር ይቀነሳል። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮም ታክስ የሚጣልበት ዋጋ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይታገዳል። መደበኛው የማመልከቻ ጊዜ እስከ ኤፕሪል 30 ነው። ቤት እንደገዛችሁ «ሆምስቴዱን እናስገባላችሁ፣ ይህን ያህል ዶላር ላኩ» የሚል፣ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ ይመጣላችኋል። ጣሉት፤ ማመልከቻው በነፃ ነው።